በዓይኔ ብቻ የሚሠራ እጄ

ሰው እጁ ከትከሻው ጋር እንደተያያዘ ሊጠፋበት ይችላል ብትሉኝ ድሮ እስቅባችሁ ነበር። እኔ ግን ጠፍቶብኛል። ማውራቱ ራሱ ይደክመኛል፤ ስንት ሰው ጠይቆኝ ስንቱን አስረድቼ ሰልችቶኛል። ግን በየጤና ጣቢያው አግዳሚ ወንበር ላይ ጣቱን እያሻሸ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ዛሬም ስለማይጠፋ፣ አንዴ ልጻፈውና ልረፍ።

ጊዜው የደርግ ነው። አርባ ምንጭ የክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ ነበረች፤ እኔም ከኩልፎ ወንዝ ብዙ በማይርቅ አንድ የመንግሥት እርሻ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነበርኩ። ሥራዬ የትራክተርና የጭነት መኪና ሞተር መፍታትና መግጠም ነው። መካኒክ ያልሆነ ሰው የማያውቀውን አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ የሥራችን እኩሌታ አይታይም። ሞተሩ ጀርባ ያለን ብሎን ዓይን አይደርስበትም። ጣት ብሎኑን የሚያስረውን ዳዶ ይዞ ይሄዳል፣ ዳብሶ ብሎኑን ያገኛል፣ ጥርስ ለጥርስ መግጠሙን ያረጋግጣል፣ ከዚያ ያዞረዋል። አንተ በዚያ ሰዓት ከጓደኛህ ጋር ስለ ኳስ ታወራለህ። እጅህ ይህን ሁሉ ሲሠራ ምስጋና አታቀርብለትም።

በመጀመሪያ የታመምኩት ሳንባዬን ነው። የሳንባ ነቀርሳ ተባለና መርፌና ኪኒን ታዘዘልኝ። መርፌው ሲያልቅ ኪኒኑ ቀጠለ፤ በየቀኑ ሳላቋርጥ እንድውጥ፣ ብዙ ወራት እንደሚፈጅ ተነገረኝ። ዋጥኩት። ሳሉ ቆመ፣ ፊቴ ሞላ፣ ቀበቶዬን አላላሁ። ባለቤቴ ማርታ ጌታን አመሰገነች። የእነሱ የጴንጤዎቹ ቤተ ክርስቲያን በመንግሥት ታሽጎ ስለነበር ምስጋናው በሹክሹክታ፣ በራችን ተዘግቶ ነበር።

ከዚያ እግሬ ጀመረኝ። ውስጥ እግሬን ጉንዳን የሚበላኝ ይመስለኝ ነበር። ማታ ብርድ ልብስ ሲነካው ያቃጥለኛል፤ ጠዋት ደግሞ የእኔ እግር አይመስለኝም። አንድ ቀን ዝናብ ዘንቦ ጭቃ ለጭቃ ወደ ቤት ስመጣ ማርታ በር ላይ አየችኝና «አንደኛው ጫማህስ?» አለችኝ። ዝቅ ብዬ ሳይ አንድ እግሬ ባዶ ነው። ነጠላ ጫማዬ የት እንደቀረ አላውቅም። ሳቀች፤ እኔም ሳቅኩ። ወደ ኋላ ሄጄ ከጭቃ ውስጥ ሳወጣው ግን ሳቄ ጠፍቶ ነበር።

እየቆየ ወደ እጄ ወጣ። ሸሚዝ መቆለፍ ከበደኝ። ሻይ ቤት ተቀምጬ ብርጭቆ ስይዝ ወይ አንቄ እሰብረዋለሁ፣ ወይ ለቅቄ እጥለዋለሁ፤ መሐል የሚባል ነገር ጠፋ። ጉልበቴ አልደከመም፤ ጎማ ማንሳት እችላለሁ። የጠፋው የያዝኩትን ነገር ምን ያህል እንደያዝኩት የሚነግረኝ ነው። ዓይኔን ጣቴ ላይ ከተከልኩ ይሠራል። ዓይኔን ካነሳሁ እጄ ባለበት ይቆማል። መብራት ሲጠፋማ እኔም አብሬ እጠፋለሁ፤ እግሬ መሬት መንካቱን ስለማይነግረኝ ግድግዳ ካልተደገፍኩ እወድቅ ነበር።

በጋራዡ ውስጥ ዳዶ ማጣመም ጀመርኩ። ጥርስ ለጥርስ ሳይገጥም በቁልፍ ኃይል እከተዋለሁ፣ የብሎኑን ጥርስ እበላዋለሁ። አለቃዬ ጋሽ ታደሰ ደግ ሰው ነው፤ መጀመሪያ አለፈኝ፣ ቀጥሎ ተቆጣኝ፣ በመጨረሻ ከሞተር አንስቶ ዕቃ በነጭ ጋዝ እንዳጥብ አደረገኝ። «እስኪሻልህ ነው» አለኝ። የመካኒክ እጅ ለዕጥበት ሲመደብ ምን ማለት እንደሆነ ሁለታችንም እናውቀዋለን።

የሐኪም ደጅ መጥናት የጀመርኩት ያኔ ነው። በአንድ ጤና ጣቢያ ያገኘሁት የጤና ረዳት፣ ድሬሰሩ፣ እጄን ሳይነካ «ቁርጥማት ነው፤ የሐይቅ አየር ነው» ብሎ መርፌ ወጋኝ። ሌላ ቦታ ደም ማነስ ተባልኩና ጉበት እንድበላ ታዘዝኩ። የምታውቅ የተባለች ሴትዮ ቅጠል ቀጥቅጣ አሰረችልኝ፤ ማሰሪያው ቆዳዬን ልጦት ሳየው እንጂ አልታወቀኝም። የወር ደመወዜ በመኪናና በመድኃኒት ያልቃል። ከሁሉም የሚያደክመው ግን መጠበቁ ነው። ሌሊት ተነስተህ ሰልፍ ትይዛለህ፣ ሕፃን ያለቅሳል፣ ካርድ የሚሰጠው ሰውዬ ስብሰባ ሄዷል ይሉሃል፣ ትቀመጣለህ። አንዴ አጠገቤ የተቀመጡ ከጫኖ መንደር የመጡ አሮጊት ሙዝ ልጠው በእጃቸው አጎረሱኝ፤ መላጥ ሲያቅተኝ አይተው ነው፤ አንድ ቃል አልጠየቁኝም። እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ።

ሦስተኛው ቦታ ያገኘሁት የጤና ሠራተኛ ዓይኔን አስጨፍኖ በመርፌ ጫፍ ጣቴን ነካ ነካ አደረገኝ። «ሲሰማህ ንገረኝ» አለ። እኔ እስኪጀምር እየጠበቅሁ ነበር። ዓይኔን ስከፍት ጣቴ ደምቷል፤ ሰውየው ደግሞ ጀርባውን ሰጥቶኝ እጁን ይታጠባል። ታጠበ፣ ታጠበ፣ ጨርሶ እንደገና ሳሙና አነሳ። ከዚያ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ላከኝ። የጠረጠረው ሥጋ ደዌ መሆኑን ከሳሙናው ገባኝ።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ሰፈር ደረሰ፤ ከሰፈር ደግሞ ሽቅብ ወደ ማርታ አገር ዶርዜ ወጣ። አማቴ እማማ ሳራ በገበያ መኪና ተጭነው ከደጋ ወረዱ። ሌላ ጊዜ ሲመጡ እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው ነበር ሰላም የሚሉኝ። ያን ቀን በር ላይ ቆሙ።

«ግቡ እንጂ እማማ» አልኳቸው።

«እዚህ ይበቃኛል» አሉ። እኔ የከተማ ልጅ ነኝ፤ አባቴ ከሰሜን የመጣ ወታደር ስለነበር ጋሞኛ ብሰማም አልናገርም፤ ስለዚህ ለእኔ ብለው ባማርኛ ተናገሩ። «ወንድሙ፣ አንተ መጥፎ ልጅ አይደለህም። ማርታን ልውሰዳት። ትድናለህ፣ ትመጣለህ፣ ትወስዳታለህ።»

ማርታ ከጓዳ ወጣች። «እኔ ከእሱ ጋር ከአንድ ትሪ ስበላ ነው የከረምኩት» አለች። «ከያዘኝም ይዞኛል። አልሄድም።» ከዚያ በራሳቸው ቋንቋ ብዙ ተነጋገሩ፤ እናት አለቀሱ፣ ልጅ አላለቀሰችም። እማማ ሲሄዱ እጄን ልዘረጋ ብዬ አየኋቸው፤ ነጠላቸውን እስከ ጣታቸው ጫፍ ጎትተው ጎንበስ ብለው ተሰናበቱኝ። ከበሽታው ሁሉ ይበልጥ ያ አመመኝ። ከሥራም ከቤተሰብም የሚያስወጣኝ እጄ እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ፤ ካልተመለሰ የምትቀርልኝ ማርታ ብቻ ናት፣ እሷንም እስከ መቼ እንደሆነ እንጃ።

ሆስፒታሉ ወዳለበት ሌላ ክፍለ ሀገር ለመሄድ የቀበሌ ይለፍ ያስፈልግ ነበር። ሊቀ መንበሩ ወረቀቴን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ «ጓድ፣ ዘመቻ ሲመጣ እጁ የሚደነዝዝ ሰው በዝቷል» አለኝና እጄን ስቦ በጥፍሩ ቆነጠጠኝ። አየሁት። እሱም አየኝ። ጨምሮ ቆነጠጠኝ፤ ቆዳዬ ተላጠ፤ እኔ ጨርሶ እንዲለቀኝ እጠብቃለሁ። ፊቱ ተለዋወጠ፣ ማኅተሙን አንስቶ ወረቀቱ ላይ መታና በጠረጴዛው ላይ ገፍቶ ሰጠኝ፣ በእጁ አልሰጠኝም።

ሆስፒታሉ ደርሼ ብዙ ጠብቄ የገባሁት አንዲት ወጣት ዶክተር ዘንድ ነው። የሥጋ ደዌ ምልክት ፍለጋ ክርኔ ውስጥ ያለውን ጅማት በጣቷ አገኘችው፣ የጆሮዬን ጫፍ አሻሸች፣ ጀርባዬን አየች። ፊቷ ላይ ግራ መጋባት እንጂ ፍርሃት የለም። እኔ መኪና እንዳያመልጠኝ ስሮጥ የጠዋት ኪኒኔን ሳልውጥ ስለመጣሁ ውሃ ለመንኳት። ከኪሴ ኪኒኑን ሳወጣ በጣቴ መሐል ሾልኮ ወደቀና ተንከባሎ ጠረጴዛዋ ሥር ገባ። ላነሳው ብዬ ወለሉን ብዳብስ አልያዝ አለኝ። ዶክተሯ ወንበሯን ገፍታ በጉልበቷ ተንበረከከች፣ አነሳችው፣ አገላብጣ አየችው።

«ይህን የምትውጠው ለምንድን ነው?»

«ለሳንባዬ።»

«ከጀመርክ ቆየህ?»

«ቆየሁ። ሳንባዬ ድኗል። ይህ እኮ በሽታ አይደለም፣ መድኃኒት ነው።»

ወለሉ ላይ እንደተቀመጠች ሳቀች፤ የንዴት ሳቅ ነው። «እስከ ዛሬ ያዩህ ሰዎች ምን እንደምትወስድ አልጠየቁህም?» አልጠየቁኝም። እኔም አልነገርኳቸውም፤ ሳንባን ያዳነ ኪኒን እጅን ይነካል ብዬ በምን ልጠርጥር? በገባሁበት ክፍል ሁሉ ኪሴ ውስጥ ነበር።

በቀላል ቋንቋ አስረዳችኝ። ያ ኪኒን በአንዳንድ ሰው ሰውነት ውስጥ ቢ-ስድስት የሚባለውን ቫይታሚን ይጨርሰዋል። ቫይታሚኑ ሲያልቅ ነርቭ ይራባል፤ ረጃጅሞቹ ነርቮች ይቀድማሉ፤ እግር ከዚያም እጅ የሚሆነው ለዚህ ነው። ነርቭ ማለት ከጣት እስከ ጭንቅላት ወሬ የሚያደርስ ሽቦ ነው በለው አለችኝ። ሽቦ አውቃለሁ። «ሥጋ ደዌ አይደለም» ስትለኝ ግን ሌላውን መስማት አቆምኩ፤ እዚያው አለቀስኩ። እስክጨርስ ጠብቃ ጮክ ብላ «ኪኒኑን አቁም አላልኩህም!» አለችኝ። «ብታቆም ሳንባህ ተመልሶ ይገድልሃል። ቫይታሚኑን አብረህ ትወስዳለህ። እጅህ ቀስ ብሎ ይመጣል፤ ሁሉም ላይመጣ ይችላል። ሲመጣ በሕመም ነው የሚመጣው፤ ሲያምህ ደስ ይበልህ።»

ይህን የምታነቡ ሁሉ ሌላውን ብትረሱ ይህን አትርሱ፦ ሐኪም ፊት ስትቀመጡ የምትውጡትን ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ዘርግፉት። የነቀርሳ መድኃኒት ደግሞ በራሳችሁ ፈቃድ አታቋርጡ፤ የደነዘዛችሁ ነገር ካለ ሄዳችሁ ተናገሩ።

ሰው ምክንያቱ ከታወቀ የሚድን ይመስለዋል። እኔ ለረጅም ጊዜ ምንም አልዳንኩም። ቫይታሚኑን እውጣለሁ፣ ዕቃ አጥባለሁ፣ በየቀኑ ጣቴን በጥርሴ ነክሼ እሞክረዋለሁ፤ ምንም የለም። ተስፋ ማድረግም ያደክማል። ሲያምህ ደስ ይበልህ የተባልኩት ሕመም በመጨረሻ ሲመጣ ደስ አላለኝም፤ ከእጄ አንጓ ጀምሮ እንደ በርበሬ እየለበለበ ነበር። ማርታ ግን «እሰይ!» አለች፣ ስታለቅስም አየኋት።

በዚያ ጊዜ ጋራዡ ውስጥ ከምሥራቅ አውሮፓ የመጣ አማካሪ መሐንዲስ ነበር፤ ረጅም፣ ፀሐይ ያቀላው ሰው። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ሰው አያየኝም ብዬ በወለቀ ሞተር ላይ ዳዶ ለመግጠም ስታገል ከኋላዬ ቆሞ ኖሯል። ዳዶውን ጨምቄ ይዣለሁ፣ እገፋለሁ፣ ተጣሞ ይነክሳል፣ እነቅለዋለሁ፣ እንደገና እገፋለሁ።

«እኔ አገር አንተ አለ» አለኝ በተሰባበረ አማርኛው። «ብረት አንተ።»

ፋብሪካቸው ውስጥ በኤሌክትሪክ የሚንቀሳቀስ የብረት ክንድ አለ፤ ሮቦት ይሉታል። ይበይዳል፣ ያነሳል፣ አይደክመውም። «ጠንካራ። በጣም ጠንካራ። ቀዳዳ አለ፣ ዘንግ አስገባ ስንለው፣ ይሰብራል። አያውቅም። ይገፋል፣ ይሰብራል።»

«ታዲያ ምን አደረጋችሁት?»

የእጁን አንጓ በሌላ እጁ ይዞ አወዛወዘው። «እዚህ ላስቲክ። ደካማ አደረግነው። ደካማ ሲሆን፣ ገባ!» አለና ትከሻዬን መትቶኝ ሄደ። እኔ ተናደድኩ። ብረት መባሌ ነው እንጂ የታወሰኝ፣ ስለ ላስቲኩ አላሰብኩም።

ከዝናብ በፊት ከዶርዜ መልእክት መጣ፦ የእማማ ሳራ ቤት ሊነሳ ነው። የዶርዜ ቤት ከቀርከሃ እንደ ትልቅ ቅርጫት የሚሠራ ረጅም ቤት ነው። እግሩን ምስጥ ሲበላው የበሰበሰው ተቆርጦ ሰፈርተኛው ቤቱን እንዳለ ተሸክሞ ወደ ሌላ ቦታ ያዛውረዋል። አማች ከቀረ ነውር ነው። እማማ አትምጡ አላሉም፣ ኑም አላሉም። ማርታ «እንሄዳለን» አለች፤ ሄድን።

በቤቱ ውስጥ ረጃጅም እንጨት ተጋድሟል፤ ወንዶች በውስጥም በውጭም ተሰልፈዋል። እኔም አንዱን እንጨት በሁለት እጄ ጨብጬ ቆምኩ። ዜማው ተጀመረ፣ ቤቱ ከመሬት ተነሳ። ሁለት ሦስት እርምጃ እንደሄድን በእኔ በኩል ያዘነብላል፣ ይንገጫገጫል። እኔ እንዳይወድቅ ብዬ የባሰ እጨብጣለሁ፤ ቤቱ ወደ ግራ ሲል እኔ ወደ ቀኝ እጎትተዋለሁ። ዓይኔን እጄ ላይ ስለተከልኩ መሬቱንም ሰዉንም አላይም። ከኋላዬ ያሉ አንድ ሽማግሌ «አቁም!» ብለው ጮኹ። ቤቱ ቁጭ አለ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እማማ ሳራም በሩቅ ቆመው ያያሉ። መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ሽማግሌው መጥተው እጄን ከእንጨቱ ላይ አላቀቁት። ሳይጸየፉ ነው የነኩኝ። «ቤቱን አንተ አትወስደውም» አሉኝ። «ቤቱ ይወስድሃል። ትከሻህ ላይ አድርገው፣ እጅህን ፍታ። ሲሄድ ሂድ፣ ሲቆም ቁም።»

ትከሻዬ ላይ አደረግኩት። መዳፌን ከፍቼ እንጨቱ ላይ ጣል አደረግኩ። ቤቱ እንደገና ሲነሳ አንድ ነገር ሆነ፤ ክብደቱ ተናገረ። ፊት ያሉት ቁልቁል ሲረግጡ በትከሻዬ ሰማሁት፣ ጎን ያለው ሲደክመው በክንዴ ሰማሁት። በሽታው ጣቴን ነው የበላው፤ ከክርኔ እስከ ትከሻዬ ያለው ሥጋዬ ደህና ነበር። እኔ ግን በፍርሃት ጨብጬ ጨብጬ ክንዴን ሁሉ አንድ ደረቅ እንጨት አድርጌው ኖሯል፤ በደረቀ ክንድ ወሬ አያልፍም። ክንዴ ሲላላ የያዝኩት ነገር ራሱ ወዴት መሄድ እንደሚፈልግ ይነግረኛል። ያ ፈረንጅ ላስቲክ ያለው ይህን ነው። ቤቱን አዲሱ ቦታ ስናስቀምጠው ላቤ ዓይኔን ዘግቶት ነበር፤ ግማሹን መንገድ እጄን ሳላይ ነው የሄድኩት።

ጋራዥ ስመለስ ዳዶውን እንደ ዕንቁላል መያዝ ጀመርኩ። ክርኔን ከጎኔ አስጠጋለሁ፣ አንጓዬን አላላለሁ፣ ዳዶውን ወደፊት ሳይሆን መጀመሪያ ወደኋላ አዞረዋለሁ። ጥርሱ ቦታውን ሲያገኝ ጠብ የምትል ነገር አለች፤ ያቺን ጠብታ ጣቴ ባይሰማትም ክርኔ ይሰማታል። ከዚያ ወደፊት ሳዞረው ሰተት ብሎ ይገባል። ስንቱን አበላሽቼ እንደተማርኩት ጋሽ ታደሰ ያውቃል። አንድ ጠዋት ከዕጥበቱ አንስቶ የጭነት መኪና ሞተር ሥር አስገባኝ። የነቀርሳው ኪኒን ካለቀ በኋላ ስሜቱም እየተንጠባጠበ መጣ። የጣቴ ጫፍ ግን እስካሁን ጓንት ያጠለቀ ነው።

ዛሬ ጡረተኛ ነኝ። በቅርቡ የዩኒቨርሲቲ ልጆች የሠሩትን የብረት እጅ ይዘው፣ የድሮ መካኒክ አለ ሲሏቸው ወደ እኔ መጡ። ቲማቲም ይጨፈልቃል። ሞተሩን እንቀይር፣ ዓይን የሚሆን ካሜራ እንጨምርለት ይላሉ። በዓይን ብቻ የሚሠራ እጅ እንዴት እንደሚያደክም እኔን ጠይቁኝ አልኳቸው። «ጉልበት አትጨምሩለት። መጀመሪያ መሸነፍ አስተምሩት፤ የነካው ነገር ሲገፋው ትንሽ ይሂድለት። የነካውን የሚያውቀው ያኔ ነው።» ከመካከላቸው አንዷ ጻፈችው፤ ሌሎቹ ሻያቸውን ጠጥተው ሄዱ።

ወደ ድሮው ልመለስ፦ እማማ ሳራ ቤታቸውን ተሸክሜላቸውም እጄን አልጨበጡኝም። ዶክተሯ ያለችውን ማርታ ደጋግማ ነግራቸዋለች፤ ይሰማሉ፣ አንገታቸውን ይነቀንቃሉ፣ ነጠላቸውን ይጎትታሉ። አልፈረድኩባቸውም፤ ደክሞኝ ስለነበር መፍረድም አልቻልኩም። ቤቱን ካዛወርን በኋላ በሚቀጥለው ዓመት ክረምት ዓይናቸውን ታመሙና ወደ ከተማ ላወርዳቸው ዶርዜ ወጣሁ። ከቤታቸው እስከ መኪናው መንገድ ያለው ቁልቁለት ጭቃ ነው። በትራቸውን ይዘው ፊት ፊት ይሄዳሉ፤ እኔ ዕቃቸውን በትከሻዬ አንጠልጥዬ ጎን ጎን እሄዳለሁ። ከታች የመኪና ጡሩንባ ተሰማ፤ እንዳያመልጠን ብዬ አንገቴን አስግጌ ወደ መንገዱ አየሁ።

በዚያች ቅጽበት አዳለጣቸው። መውደቃቸውን አላየሁም። ወደ እሳቸው ስዞር በትሩ ጭቃው ላይ ወድቋል፣ እሳቸው ግን ቆመዋል፤ የእጃቸው አንጓ እጄ ውስጥ ነው። እኔ አላዘዝኩትም፣ አላየሁትም፤ ራሱ ሄዶ ይዟቸዋል። አጥብቆ አላነቃቸውም፣ አልለቀቃቸውም። ሁለታችንም ቆመን እጄን አየነው።

ስነካቸው እንደማይወዱ ስለማውቅ ጣቶቼን ማላላት ጀመርኩ። በሌላው እጃቸው፣ ነጠላቸውን ሳይጎትቱ፣ ከላይ ያዙኝ።

«ቁልቁለቱ ገና አላለቀም» አሉኝ።